ስልሳ ሦስት ዓመት ያልረሳ ደም

ሐምሌ 9

ዛሬም ዝናብ። ዓለም ከተማ ከገባን ሦስተኛ ሳምንታችን። መብራት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጄኔሬተሩ አላሳፈረንም፤ ፍሪዘሩ ቅዝቃዜውን አልለቀቀም።

አርባ ወጥመድ ዘርግተን ስድስት አይጥ ያዝን። ከአንድ ገበሬ ጎተራ ሥር። ሰውዬው ቆመው ሲያዩን ቆዩና አዲስ አበባ አይጥ የለም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። ታዲያ እዚህ ድረስ ምን አለፋችሁ?… ምን ብዬ ላስረዳቸው? እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ሥራዬ ደም መቅዳት፣ መለየት፣ ማቀዝቀዝ። ከአይጥ ወደ ሰው ሊሻገሩ የሚችሉ አዳዲስ ቫይረሶች ካሉ እንፈልጋለን አልኳቸው። «ስታገኙት ምን ታደርጉታላችሁ?» አሉኝ። ወጥመዶቹን መሰብሰብ ቀጠልኩ።

የደጋው የዘመሮ ልጅ ነኝ፤ ብርድ አያስፈራኝም። የዚህ አገር ጭቃ ግን ጫማዬን ሊጨርሰው ነው።

ሐምሌ 13

ዶክተር አትናቴዎስ ዛሬ ተናገሩ። የቡድናችን መሪ ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ከቫይረስ ጋር የኖሩ ሰው፤ ግን ቃል ይቆጥባሉ። ናሙና የወሰድንባትን አይጥ ከመልቀቃቸው በፊት በጓንታቸው ይዘው ቆዩ። ትንሽ ናት። አንድ እፍኝ አትሞላም።

«ይቺ ጤነኛ ናት» አሉኝ። «በሽንቷ ግን ስንት ዓይነት ቫይረስ እንደሚወጣ አናውቅም። ምናልባት የሰው ልጅ ማረስ ከመጀመሩ በፊት አንሥቶ አብረው ኖረዋል። ተለማምደዋል። እኛን ነው ቫይረሱ ገና ያልለመደን።»

ለቀቋት። ሣሩ ውስጥ ገብታ ጠፋች። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ… ከማረሻ በፊት!

ሐምሌ 18

የምሥራች ደወለች። ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው ቆላ፣ ሾላ ውሃ የምትባል ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ባለፈው ወር ሥልጠና ላይ ነበር የተዋወቅነው። ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥታ ነው።

ሦስት ሰዎች ታመዋል። ትኩሳት፣ ዓይን መቅላት፣ ከድድ መድማት። ወባ ነው ብላ መርምራ ነበር፤ አይደለም። አንዱ ትናንት ሞቷል።

ዶክተር ስልኩን ተቀብለው ጥቂት ነገር ጠየቁ። ዕድሜያቸውን። ሕመሙ የጀመረበትን ቀን። ማን እንደሚያስታምማቸው። ከዚያ «ነገ እንወርዳለን» አሉ።

ጓንት፣ ማስክ፣ መነጽር፣ በረኪና አዘጋጀሁ። ፈርቻለሁ? አዎ።

ሐምሌ 19

መኪናውን ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃ ያዘው። ሦስት ሰዓት በእግር። እየወረድን በሄድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ደጋው ላይ የለበስኩትን ሁሉ ተሸክሜ ደረስኩ።

ከታመሙት አንዱ ዳኜ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሚስቱ ጠጄ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስደግፋ ይዛዋለች። አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ ብዬ ማስክ ሰጠኋት። አየችኝ።

«ስድስት ቀን ሙሉ በእጄ ላይ ነው። አሁን ምኑ ይሸፈናል?»

ቢሆንም አደረገችው።

ደም ቀዳሁ። መርፌው ከገባበት ቦታ ደሙ አልቆም አለ። በጥጥ ይዤ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫንኩት። እንዲህ ሲፈስ አይቼ አላውቅም። እሱ ነቅቶ ነበር፤ ይህ ደም ምን ይነግራችኋል ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ። እስካሁን አላውቅም አልኩት። አልዋሸሁም።

«ሲነግራችሁ ለጠጄ ንገሯት» አለ።

ሐምሌ 20

ዳኜ ሞተ። ሊነጋ ሲል።

ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ርቆ ቆመ። ቄሱ አባ ገብረ አማኑኤል ብቻ ተጠግተው ፈቱት። እኛ በሰጠናቸው ማስክ ውስጥ ሆነው ሲደግሙ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ስመለስ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ። «ቤት ዘጊዋ እያለች ምን ይጠበቃል?» ማን ናት አልኩ የምሥራችን። ወደ አፋፉ አሳየችኝ፤ ከሌሎቹ የተነጠለች አንዲት ጎጆ። እማማ ወለተጊዮርጊስ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው። ልጅ ሆነው እንዲህ ያለ በሽታ ገብቶ ከአባታቸው በቀር ቤተሰባቸውን ጨርሷል። መጀመሪያ የታመሙት እሳቸው ናቸው። የዳኑትም እሳቸው። ከዚያ ወዲህ እጃቸው አይቀመስም። ከእሳቸው ቤት እሳት እንኳ የሚጭር የለም።

የምሥራች ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችም። አንቺስ ታምኛለሽ አልኳት። «እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ» አለች። አዎም አይደለምም አላለችም።

ሐምሌ 21

ዶክተርና እኔ ወደ እማማ ወለተጊዮርጊስ ቤት ሄድን። የምሥራች በር ላይ ቆመች፤ አልገባችም። አልፈርድባትም። እዚሁ ነው ያደገችው።

ጥጥ ይፈትላሉ። እንዝርቱን ሳያቆሙ ተቀመጡ አሉን። ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ አላሉም። ሰው ሲሞት ወደ እሳቸው ቤት የሚመጣው ወቀሳ እንደሆነ ያውቃሉ መሰለኝ… ዶክተር ጎንበስ ብለው ያን ጊዜ የሆነውን ቢነግሩን አሏቸው። እንዝርቱ ቆመ።

ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ክረምት ነው፣ እህል ያለቀበት ጊዜ። አባታቸው የማሽላውን ጉድጓድ ከፈቱ። በቆላው እህል መሬት ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ። አንድ ቀን ክፍት አድርገው አሳደሩት። በማግሥቱ ከልጆቹ ሁሉ ቀጭኗ ያኔዋ ትንሿ ወለተጊዮርጊስ ነበረችና በወገቧ ገመድ አስረው አወረዷት። ከታች ይሞቃል። ይጨልማል። በእግሯ ላይ የሚሮጥ ነገር ነበር። አይጥ። ከጎን ሰርስሮ ገብቷል። ስልቻ እየሞላች ወደ ላይ ስትሰድ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየች።

ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ያዛት። ከዚያ ምንም አታስታውስም። ስትነቃ ቤቱ ጭር ብሏል። እናቷ፣ ሁለቱ ወንድሞቿ፣ አክስቷ… አባቷ ብቻ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ስለዚያች ቀን አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ሞቱ።

«እኔ ነኝ ከታች ይዤው የወጣሁት» አሉ እማማ። ድምፃቸው አልተለወጠም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለራሳቸው ስንት ጊዜ ብለውት ይሆን?

ዶክተር ወደ በሩ ዞሩ። ዳኜ ጉድጓድ ከፍቶ ነበር ወይ ብለው የምሥራችን ጠየቋት።

«አዎ» አለች። «ከሐምሌ አቦ በፊት። የታመሙት ሦስቱም አብረው ነው የከፈቱት።» ብላ ስትጨርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።



ደማቸውን ልቅዳ ብዬ ጠየቅሁ። አሮጌ ደም ምን ያደርግልሻል አሉኝ። ዶክተር አስረዷቸው፤ ሰውነት አንድ ጊዜ የተዋጋውን በሽታ ምልክት ደም ውስጥ ይይዛል፤ አንዳንዱን ለጥቂት ወር፣ አንዳንዱን ለብዙ ዓመት። «ይሄን ያህል ዘመን ግን ረስቶታል» አሉ እማማ። ዶክተር እስቲ እንየው አሏቸው።

ክንዳቸውን ስይዝ እጄን ትኩር ብለው አዩት።

«ሰው ከነካኝ ቆይቷል» አሉ።

ሐምሌ 22

የዳኜን ጉድጓድ አየን። ግድግዳው ተሰንጥቆ አይጥ ጎጆዋን ሠርታበታለች። አቧራ፣ ገለባ፣ ሽንት። አይጦች በወጥመድ ያዝን፤ ናሙና ወሰድን። ስጎነበስ ማስኬ ተንሸራተተ። ትንሽ ጊዜ ነው። አንድ ወይም ሁለት ትንፋሽ… ለዶክተር ወዲያው ነገርኳቸው። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሰዎች ተሰበሰቡ። አቶ መልከ ጼዴቅ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ። በሐምሌ እህል አትንኩ ልትሉን ነው፣ እስከ መኸር ምን እንብላ አሉ። እውነታቸውን ነው። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ነው ያላቸው። ዶክተር አትብሉ አላሉም። ጉድጓዱ ተከፍቶ ይደር፣ ከላይ በረኪና ያለው ውሃ ይረጭ፣ የሚወርደው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ልጅ አይውረድ፣ ደረቁን አታበጥሩ፣ ጥሬ አትቃሙ፣ እሳት የነካው እህል ግን አይጎዳም አሉ። ሰው ሁሉ ሰማ። አመነ? እንጃ።

እስከ ማምሻው ከመቶ አሥራ ስምንት ሰው ደም ቀዳን።

ሐምሌ 24

ዓለም ከተማ። ለብቻዬ ክፍል ሰጡኝ። ራሴ ነኝ የጠየቅኩት። ጠዋትና ማታ ሙቀቴን እለካለሁ። 36.6።

ሐምሌ 26

36.8። ሦስተኛው በሽተኛ ተርፏል አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሐምሌ 29

37.9። ብርድ ብርድ ይለኛል።

እናቴ ደወለች። ደህና ነኝ አልኳት። ድምፅሽ ልክ አይደለም አለችኝ።

ሐምሌ 30

38.2። ዶክተር መስኮቱ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ዋሉ። መጽሐፍ ይዘው ነበር፤ ገጽ ሲገልጡ ግን አላየሁም።

ዳኜን አስባለሁ። የእማማ ወለተጊዮርጊስን የዘጠኝ ዓመት ልጅነት አስባለሁ። ብቻዋን እንዴት ቻለችው?

ነሐሴ 1

37.0።

ነሐሴ 7

አሥራ አምስተኛው ቀን። ሙቀቴ ልክ ነው። ጉንፋን ኖሯል። ሳልፈልግ አለቀስኩ። ቀጥሎ ራበኝ። ጾሙ ገብቷል፤ ሽሮ በላሁ፣ ሁለት ጊዜ።

ነሐሴ 14

አዲስ አበባ። ላቦራቶሪው ጸጥ ያለ ነው፤ ከዚያ ጭቃ በኋላ ሌላ ዓለም ይመስላል።

የዳኜ ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ ዘረመል ተነበበ። በኮምፒውተሩ ላይ በፊደል ተደርድሮ ይወርዳል፤ አሥር ሺህ ያህል ፊደል። ይኸው ነው። ቤት የሚያጠፋው ነገር በአንድ ደብተር ላይ ተጽፎ ያልቃል። ዓለም ላይ ከተመዘገቡት ጋር አመሳከርነው። ዘመድ አለው፤ በሌላ አገር አይጥ ላይ የተገኘ። እሱ ግን ራሱ የትም የለም። ስም የለውም። ይዘናቸው ከነበሩት የሾላ ውሃ አይጦች በሁለቱ ላይ ደግሞ ልክ እሱው ተገኘ።

ስክሪኑ ፊት ተቀመጥን። ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝ። የምናየው ሞት እንደሆነ እያወቅሁ ተደነቅሁ። ኃጢአት ይሆን?

ነሐሴ 21

ዛሬ ትልቁን ሙከራ ጀመርኩ። ለራሴ እንዳይጠፋኝ ልጻፈው።

ዘጠና ስድስት ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ሳህን። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሕያው ሕዋሶች ተነጥፈዋል። ቫይረሱን ከሰው ደም ውሃ ጋር ደባልቄ እጨምርባቸዋለሁ። ደሙ ቫይረሱን የሚያውቀው ከሆነ ይይዘዋል፤ ሕዋሶቹ ይተርፋሉ። የማያውቀው ከሆነ ይሞታሉ። መጨረሻ ላይ ቀለም ይደረጋል። የተረፈው ሐምራዊ ይሆናል፣ የሞተው ነጭ።

በጣም ጥንቃቄ በሚደረግበት ክፍል ነው የምሠራው። ድርብ ጓንት፣ የራሱ አየር ያለው ልብስ። የራሴን ትንፋሽ እየሰማሁ። የዳነውን በሽተኛ ደም፣ የጠጄን፣ የራሴን፣ የእማማን አስገባሁ።

ስድስት ቀን መጠበቅ ነው።

ነሐሴ 27

ቀለሙን ጨመርኩ። አጠብኩት። ብርሃን ላይ አነሣሁት።

የእኔ መስመር ነጭ። የጠጄ ነጭ። የዳነው ሰው ሐምራዊ፤ እንደጠበቅነው።

የእማማ መስመር… ሐምራዊ። ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ። ደማቸውን አቅጥኜዋለሁ፤ አንድ ለአሥር፣ አንድ ለሃያ፣ አንድ ለአርባ፣ አንድ ለሰማንያ። ሐምራዊ፣ ሐምራዊ። አንድ ለመቶ ስልሳ ላይ እንኳ አልለቀቀም።

ቁጭ አልኩ። በዚያ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንባ መጥረግ አይቻልም።

ስልሳ ሦስት ዓመት! እማማ በሽታው ስንት ቀን እንደቆየባቸው አያስታውሱም። የእናታቸውን መልክ እንኳ እየረሱት እንደሆነ ነግረውኛል። ደማቸው ግን አልረሳም። አንዲት ሕፃን ማንም ሳያያት የተማረችው ነገር እስከ ዛሬ ውስጧ ቆሞ ይጠብቃል። የመጣውን ያውቀዋል። ይይዘዋል። ይህ ሁሉ በየሰዉ ሰውነት ውስጥ እየሆነ እኛ ገበያ እንወጣለን፣ እንጨቃጨቃለን፣ እንተኛለን…

ዶክተርን ጠራኋቸው። በመስታወቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ድገሚው» አሉ።

ጳጉሜን 3

ደገምኩት። ያው ነው።

ውጭ የሩፋኤል ዝናብ ይዘንባል። ሕፃናቱ ጸበል ነው ብለው ግቢው ውስጥ እየተጯጯሁ ይታጠባሉ። እኔም ወጥቼ ቆምኩ። ራሴ እስኪረጥብ።

መስከረም 7

የመቶ አሥራ ስምንቱ ሰዎች ውጤት ተጠቃለለ። ወደ ጉድጓድ ከወረዱና እህሉን በደረቁ ካበጠሩት ሠላሳ አንድ ሰዎች አሥራ ሰባቱን ቫይረሱ ይዟቸው ያውቃል። ብዙዎቹ በትንሽ ትኩሳት ብቻ አልፈውታል። በሽተኛ ያስታመሙ ግን እህሉን ያልነኩ አሥራ አራት ናቸው። አንዳቸውም በደማቸው ምልክቱ የላቸውም። ጠጄ አንዷ ናት። የጉድጓዱ ሽታ በእርግዝናዋ ምክንያት ስለሚያስመልሳት አልቀረበችም ነበር።

እንግዲህ ከሰው ወደ ሰው አልተላለፈም! እማማ ማንንም አልገደሉም!

ይህን እየጮህኩ ልነግራቸው ወደ ዶክተር ቢሮ ገባሁ። አዳመጡኝ። ከዚያ «አልተላለፈም አትበይ» አሉኝ። «ሲተላለፍ አላየንም በይ። አሥራ አራት ሰው ጥቂት ነው።»

ተናደድኩ። ስልሳ ሦስት ዓመት የተፈረደባትን ሴት እንዲህ ባለ ግማሽ ቃል እንዴት ነጻ አወጣለሁ? አልኳቸውም። እሳቸውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በእርግጠኝነት በተነገረ ውሸት ነው የተፈረደባቸው፤ በሌላ እርግጠኛ ውሸት አናስፈታቸውም አሉኝ።

ማታውን ስብሰለሰል ቆየሁ። ልክ ናቸው። ግን ምን ብዬ ልጀምር?

መስከረም 18

ሾላ ውሃ። አደይ አበባው ገደሉን ሁሉ አልብሶታል። ሥራውን ትቼ ሳየው ቆየሁ።

መጀመሪያ ጠጄ ጋ ሄድኩ። ዳኜ አደራ ብሎኛልና። ደሙ የነገረንን ነገርኳት። ብናውቅ ይተርፍ ነበር ወይ አለችኝ። ጉድጓዱን በረኪና ያለው ውሃ ረጭቶ፣ አፉን ሸፍኖ ወርዶ ቢሆን ምናልባት አልኳት። አቀርቅራ ሆዷን ዳሰሰች። ቆይታ «ነገራችሁኝ፤ ደግ አደረጋችሁ» አለች።

ከዚያ ወደ አፋፉ። የምሥራች አብራኝ መጣች። ዛሬ ገባች። ተቀመጠችም።

ለእማማ የማውቀውን ብቻ ነገርኳቸው። በሽታው በአይጥ ሽንትና በአቧራው ይመጣል። ከታመመ ሰው ወደ አስታማሚ ሲተላለፍ አላየንም። ያየናቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ከዚህ በላይ ብልዎት እዋሻለሁ አልኳቸው።

እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ከዚያ «እናቴስ?» አሉ።

እኔም ጠየቅኋቸው። እናትዎ ያን ቀን እህሉን ነክተውት ነበር?

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲናገሩ ቀስ እያሉ ነበር፤ ሰው በጨለማ ቤት ውስጥ እየዳበሰ እንደሚሄድ።

«ከሰዓት በኋላ እናቴ አበጠረችው። አቧራው ፀሐይ ላይ ሲያበራ ይታየኛል። ታስል ነበር… ወንድሞቼ ስልቻውን ተሸክመው አስገቡት። የወንድሞቼ ፀጉር ነጭ ሆኖ ነበር፤ ሳቅንባቸው። አክስቴ በዚያው ማታ ፈጨችው።»

«በዚያው ቀን?»

«በዚያው ቀን። እኔ ገና ሳልታመም።»

ሁለታችንም የተባለውን ሰማነው። የምሥራች ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

«እስከ ዛሬ ያን ቀን ማን ምን ሲሠራ ዋለ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አሉ እማማ። «እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።»

ስንነሣ በሽታው ስም ወጥቶለት እንደሆነ ጠየቁን። ገና ነው አልኳቸው። በእኔ ስም እንዳትጠሩት አሉ። ፈገግ ብለው። ጥርሳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

መስከረም 19

እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፉ ሥር ተሰበሰበ። አባ ገብረ አማኑኤል ሕዝቡን አስቀመጡልን። የምሥራች ስለ ጉድጓዱ አስረዳች፤ እኔ ስለ ደሙ። እማማ አልመጡም። ተጠርተው ስለማያውቁ አይመጡም።

አቶ መልከ ጼዴቅ ተነሡ። አያቴ በዚያ በሽታ ሞቷል አሉ። እህል ነው ስትሉን እህል፣ አይጥ ነው ስትሉን አይጥ፤ እኛ በዓይናችን ያየነው ግን እሷ መጀመሪያ ታማ ሌላው ሲከተል ነው። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ቁጥሮቼን መልሼ ልናገር አፌን ስከፍት… ጠጄ ተነሣች። መውለጃዋ ደርሷል፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው ነው ያቆሟት።

«ዳኜን ስድስት ቀን በእጄ ይዣለሁ» አለች። «ደሙን ጠርጌያለሁ። የሞተውም በክንዴ ላይ ነው። ደሜን አይተውታል፤ ምንም የለብኝም። አባባ፣ ከሰው የሚይዝ ቢሆን እኔ እዚህ እቆም ነበር?»

ሌላ አልጨመረችም። ተቀመጠች።

ያን ሁሉ ሐምራዊ ጉድጓድ ይዤ መጥቼ ነበር። ሰው ያመነው እሷን ነው። ወይም… ማመን ጀመረ ልበል። አቶ መልከ ጼዴቅ ተጨማሪ ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

መስከረም 25

የምሥራች ደወለች። ጠጄ ትናንት ወለደች። ሴት። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ኅዳር 20

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። ቫይረሱ ቁጥርና ፊደል ያለው መጠሪያ ተሰጠው። ጽሑፋችን ተላከ። ዶክተር «ሲተላለፍ አልታየም» የሚለውን ሐረግ ሦስት ቦታ አስገብተዋል።

ከጽሑፉ በላይ ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው። ሾላ ውሃ ማሽላው ከመወቃቱ በፊት ጉድጓዶቹን በጭቃና በአመድ እየለሰኑ ነው። በአቅራቢያው ያሉት ሦስት ቀበሌዎችም ጀምረዋል። የምሥራች ከጤና ጣቢያው ማስክ አስመጥታ በየቤቱ እያደረሰች ነው። ከነሐሴ ወዲህ አንድም አዲስ በሽተኛ የለም።

ታኅሣሥ 13

ሾላ ውሃ ነኝ። ይህን የምጽፈው ጠጄ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ቤት ውስጥ ገና ይበላል።

ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሞላ። ዛሬ ክርስትና ተነሣች። ጥሪው ሲደርሰኝ ክርስትና እናቷ ማን እንደሆነች አልተነገረኝም ነበር። ጠጄ ለማንም አልተናገረችም፤ ለአባ ገብረ አማኑኤል ብቻ።

አባ ሕፃኗን ከውሃው አውጥተው የምትቀበላት ትቅረብ ሲሉ ከሴቶቹ ኋላ እማማ ወለተጊዮርጊስ መጡ። ነጭ ለብሰው። ሰዉ መንገድ ለቀቀ፤ አንዳንዱ እንደ ድሮው ፈርቶ፣ አንዳንዱ አክብሮ፤ ከፊት መለየት ያስቸግራል። እስከዚህ ዕድሜያቸው ሕፃን አቅፈው አያውቁም። አያያዙን አያውቁበትም። ጠጄ ከጎናቸው ቆማ ክንዳቸውን አስተካከለችላቸው፤ አንገቷን እንዲህ፣ ታችዋን እንዲህ። ልጅቷ አለቀሰችና ዝም አለች። ፊታቸውን ስታያቸው ቆየች።

ከዚያ ወደ ጠጄ ቤት። ጾም ነው፤ ምስርና ሽሮ። እማማን ከላይ አስቀመጧቸው። ሰው ሁሉ ተቀምጧል፣ ዓይኑ ግን የእማማ እጅ ላይ ነው። ሁሉም የሚያስበውን አውቃለሁ። ጠጄ መሶቡን እማማ ፊት አቀረበች። አጠገባቸው ተንበረከከችና «ያጉርሱኝ» አለች።

እማማ እጃቸውን አዩት። ጠቀለሉ። አጎረሷት። ጠጄ ሁሉም እያያት አላምጣ ዋጠች። የምሥራች ቀጠለች። ቀጥሎ እኔ። ጣታቸው ከንፈሬን ሲነካኝ በዚያ ሳህን ላይ ያየሁት ሁሉ መጣብኝ። እንደምንም ዋጥኩት።

ከዚያ ማንም አልተነሣም። በቃ እዚህ ላይ ሊቆም ነው ብዬ ሳስብ በሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት አቶ መልከ ጼዴቅ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ሊወጡ መስሎኝ ነበር። ወደ ላይ መጡ። እማማ ፊት ቆመው ትንሽ ጊዜ ያህል ተያዩ፤ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው፣ በልጅነታቸው ይተዋወቁ ይሆናል።

ኮፍያቸውን አወለቁ። ጎንበስ አሉና አፋቸውን ከፈቱ።